ጤና አዳሙ ሽታው በረታ ቅጠሉ ግን አነሰ፣ ምን ሆኖ ነው? (ችግርና መፍትሄ)

በጋው ሲጠና ጓሮና በረንዳ ላይ ያሉት ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ዳማከሴ ይጎሳቆላሉ፣ በየምልክቱ እንየው።

ቀን ጠውልጎ ማታ ከተነሳ ብዙ አትጨነቁ፣ በጠራራው ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ሥሩ ከሚስበው ስለሚበልጥ ነው። ጠውልጎ ካደረ ግን ውሃ ከመድፋታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፣ ደረቅ ከሆነ ጠምቶታል፣ እርጥብ ከሆነ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ላይ ውሃ ከጨመራችሁ ጨረሳችሁት።

እያጠጣችሁትም ከደረቀ አፈሩ ውሃ አልቀበልም ብሎ ነው። በጣም የደረቀ አፈር፣ በተለይ ኮምፖስት የበዛበት፣ ውሃው በዳር በዳር ወርዶ ከስር ይወጣል፣ መሃሉ አቧራ እንደሆነ ይቀራል። ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጉና መትከያውን ከነአፈሩ ላዩ እስኪርስ አስቀምጡት፣ ከዛ አንጠፍጥፉት፣ ላዩን ገለባ ወይ ደረቅ ሳር አልብሱት።

ቅጠሉ አንሶ ሽታው ከበረታ ይሄ ነው ሰው የሚሳሳትበት። ውሃ ሲያጥር ተክሉ እንዳይተንበት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፣ ግን በዛው ካርቦንዳይኦክሳይድም አይገባምና እድገቱ ይቀንሳል፣ ራሱን ለመከላከል ደግሞ ፌኖሊክ የሚባሉ ኬሚካሎችን ያበዛል፣ ሽታውን የሚሰጠውን ዘይት የሚይዙት ጥቃቅን እጢዎችም በትንሿ ቅጠል ላይ ይጠጋጋሉ። ስለዚህ ግራም በግራም ብዙ ጊዜ ይጠነክራል፣ ከአንድ እግር የሚገኘው ጠቅላላ ዘይት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል ምክንያቱም ቅጠሉ ራሱ የለም፣ ድርቁ ከከፋ ደግሞ ጥንካሬውም ሊወርድ ይችላል። በጣም ከሸተተ ጥሩ መድኃኒት ነው የሚባለውን በፍፁም አትመኑ፣ የክረምቱ እፍኝና የበጋው እፍኝ አንድ አይደለም። ጤና አዳም ላይማ በደንብ ተጠንቀቁ፣ ለነፍሰ ጡር በመድኃኒትነት አይሰጥም፣ ጭማቂው ነክቶት ፀሐይ ያገኘው ቆዳም ያቃጥላል ውሃም ይቋጥራል፣ ስትለቅሙ ጓንት አድርጉ።

መፍትሄው ውሃውን ሳያቆራርጡ ጠዋት ጠዋት በደንብ ማጠጣት ነው። የጥብስ ቅጠል ከመለቀሙ በፊት ጥቂት ቀን ውሃ ቢቀነስበት ይችላል፣ በሶብላ ግን አይችልም።

በሶብላው ሳያድግ ካበበ ጥሙና ሙቀቱ ናቸው ያጣደፉት። ቅጠል ከፈለጋችሁ የአበባውን ጫፍ ቁረጡና አጠጡ፣ ለበርበሬና ለሽሮ ከሆነ ግን አበባውንም ስለምትፈልጉት ተዉት።

ቅጠሉ ነጠብጣብ ካወጣና ከቅጠሉ ስር በኩል ቀጭን ድር ካለ ደረቅና ሙቀት የሚወድ ጥቃቅን ተባይ ነው፣ ቅጠሉን ከስር በኩል በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ የምትጠጡት ቅጠል ላይ የተባይ መድኃኒት እንዳትረጩ።