ዓይንን ጨፍኖ ወደ ራስ ግቢ መግባት፦ በምናብ የማረፍ ልምምድ እንዴት እንደሚሠራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ ሳስተምር እንቅልፍ ከዳኝ። ቀን ክፍል ውስጥ ደህና እውላለሁ፤ ማታ ጋደም ስል ግን ያልታረመው ፈተና፣ ያልተከፈለው የቤት ኪራይ፣ ያስቀየምኩት ሰው ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። ራሴን በእርጥብ ጠፍር አስረውት ጠፍሩ እየደረቀ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄጄ ስመረመር የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘና መድኃኒት ታዘዘልኝ። መድኃኒቱን የሰጠችኝ ነርስ «ከዚህ ጋር ደግሞ ሐሳብህን የምታሳርፍበት ነገር ያዝ» ብላ በምናብ ስለማረፍ ነገረችኝ። ዓይንን ጨፍኖ፣ ትንፋሽን አርግቶ፣ ሰላም የሚሰጥ ቦታ ውስጥ በሐሳብ መቆየት ነው። ሲነገር ቀላል ነው። እኔን ግን ስምንት ወር ፈጀብኝ፤ ስድስቱ የባከነው አንዷን ደረጃ አሳስቼ ስለያዝኩ ነው። እናንተ ስድስቱን ወር እንዳታባክኑ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩ እንደሚሠራ በራሳችሁ ላይ እዩ። ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ሎሚ በቢላ ለሁለት ስትከፍሉ አስቡ። ጭማቂው ጣታችሁ ላይ ሲወርድ፣ ሽታው አፍንጫችሁ ሲገባ፣ ግማሹን ስትመጥጡት። አፋችሁ ምራቅ ሞላ አይደል? ሎሚው የለም፤ ሰውነታችሁ ግን መልሱን ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሰዎች ክንዳቸውን ሳያንቀሳቅሱ እንደሚያጥፉት ብቻ እንዲያስቡ እያደረገ፣ በጡንቻቸው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መኖሩን በመሣሪያ ለክቷል። ጭንቀትም በዚሁ መንገድ ነው የሚገባብን። ነገ ይመጣል ብለን የምናስበው ጠብ ዛሬ ማታ ልባችንን ያስመታል። እንግዲህ በዚያው በር ሰላምንም ማስገባት ይቻላል።

ዝግጅቱ ብዙ አይደለም። ስልኩን ዝም አሰኙት፣ ጋቢ ደርቡ፣ መደብ ወይም ወንበር ላይ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ ተቀመጡ። መተኛት አልመክርም፤ እንቅልፍ ለማምጣት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለልምምዱ ግን ገና ሳይጀመር ይወስዳችኋል። ከዚያ በአፍንጫ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። የሚወጣው ከሚገባው ይርዘም፤ ልብ የሚረጋው በሚወጣው ትንፋሽ ነው። አሥር ጊዜ ያህል ከተነፈሳችሁ በኋላ ከእግር ጣት ጀምራችሁ እያንዳንዱን ጡንቻ ጠበቅ አድርጋችሁ ልቀቁት። መንጋጋችሁን አትርሱት፤ የእኔ ጭንቀት ሁሉ እዚያ ነበር የሚያድረው።

አሁን ወደ ቦታው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ከኢንተርኔት አንድ የተቀዳ ድምፅ አወረድኩ። «ሞቃታማ አሸዋ ላይ ተኝተሃል፤ የባሕሩ ሞገድ እግርህን ይነካል» ይላል። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ውኃ ጣና ነው፤ በጣና ዳር ደግሞ የማስታውሰው ደንገልና ታንኳ እንጂ አሸዋ አይደለም። ሞገዱን ልሥል ስል ታንኳው ይመጣል፤ ታንኳውን ላባርር ስል አሸዋው ይጠፋል። ሃያ ደቂቃ ስታገል ቆይቼ ከበፊቱ በባሰ ድካም እነሣ ነበር። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ፤ ጥፋቱን በራሴ ላይ አድርጌ «እኔ ምናብ የለኝም» ብዬ ደመደምኩ።

ቀጥዬ ትልቅ ነገር ካልሆነ አይሠራም አልኩና ጢስ ዓባይን መረጥኩ። ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወር ውኃ፣ የሚነሣው ጭጋግ፣ ቀስተ ደመናው፤ ከዚህ የሚያምር ምን አለ? በሦስተኛው ማታ ልቤ እየዘለለ፣ ላብ እያጠመቀኝ ዓይኔን ከፈትኩ። ልጅ ሳለሁ በሐምሌ የሞላ ወንዝ ሊወስደኝ ሲል አንድ እረኛ በክንዴ ጎትቶ አውጥቶኛል። እኔ ረስቼዋለሁ፤ የውኃውን ጩኸት የሰማው ሰውነቴ ግን አልረሳውም። እልኸኛ ስለሆንኩ ትቼው አልተነሣሁም፤ እለምደዋለሁ እያልኩ አራት ወር ሙሉ እየተመላለስኩ እንቅልፌን አባስኩት። ቦታው ውብ መሆኑ አይበቃም። ሰውነታችሁ ያረፈበት ቦታ መሆን አለበት።

በመጨረሻ የሠራልኝ እዚህ ግባ የማይባል ቦታ ነው፦ ቢቸና አካባቢ ያለው የአያቴ ጓሮ። ዋንዛ አለ፣ ከሥሩ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ አለ፤ ወሩ ኅዳር ነው፣ ጤፉ ታጭዷል። እኔ ፈልጌ አላገኘሁትም። አንድ ቀን ጎረቤት የወተት ቅል በወይራ ስታጥን ጭሱ በመስኮት ገባና ሳላስበው እዚያ መደብ ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ትከሻዬ ወረደ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ በዓይን ልገባ ስታገል ከርሜአለሁ፤ በሩ ግን አፍንጫ ነበር።

ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ትንሽ ይሁን፤ አንድ ጥግ፣ አንድ ዛፍ ሥር። በእግራችሁ የረገጣችሁት ይሁን፤ በፎቶ ያያችሁት አይሆንም። ሐዘን የተቀመጡበትን ቤት፣ የተጣላችሁት ሰው የሚኖርበትን ግቢ፣ ምንም ቢያምር ተዉት። ጮቄ ተራራ ላይ በጅባራ መካከል ቆሞ ማሰብ የሚያሳርፈው ሰው አለ፤ ብርዱን እያሰበ የሚንቀጠቀጥም አለ። ሰው የመረጠላችሁን አትቀበሉ።

ስትገቡ ደግሞ ዓይንን መጨረሻ አድርጉት። መጀመሪያ እግር፦ መሬቱ ደረቅ ነው ወይስ ርጥብ? ቀጥሎ ቆዳ፦ ፀሐዩ በየት በኩል ያርፍባችኋል? ከዚያ ሽታ፣ ከዚያ ድምፅ፤ ሩቅ ያለውን ቀድማችሁ፣ ቅርብ ያለውን ቀጥላችሁ። ሥዕሉ ራሱ ይመጣል። ካልመጣም አትጨነቁ። በዓይነ ሕሊናቸው ምንም ምስል የማይታያቸው ሰዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ ሁኔታውን አፋንታዚያ ብለው ሰይመውታል። እንዲህ ያለ ሰው በመዳሰስና በመስማት ብቻ መሥራት ይችላል።

የሚመራችሁን ድምፅ በስልካችሁ ራሳችሁ ቅዱት። ከማንኛውም የተዘጋጀ አፕ ይሻላል። አጫጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ በየመሃሉ አምስት ትንፋሽ ያህል ዝም በሉ። የእኔው «መደቡ ላይ ነህ። አጎዛው ይሞቃል። ከአውድማው የገለባ ሽታ ይመጣል» ብሎ ይጀምራል። ሙዚቃ አታስገቡ። በገና እወዳለሁ፤ ነገር ግን በገና የራሱ ተመስጦ አለው፣ ወደ ጓሮዬ ሳይሆን ወደ ግጥሙ ይወስደኛል። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በየቀኑ ከሆነ አሥርም ይበቃል።

እናቴ ዓይኔን ጨፍኜ ስታገኘኝ «ልጄ፣ ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?» ብላ ደንግጣ ነበር። ጸሎት እንዳልሆነ፣ ጸሎትንም እንደማይተካ ነገርኳት። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሊቆጥር ከጉባኤው ርቆ ዛፍ ሥር ብቻውን ሲቀመጥ በጎጃም ያላየ የለም፤ በሐሳብ ውስጥ ጸንቶ መቆየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም ስላት ልቧ ረጋ።

ቦታው ከተለመደ በኋላ ሕመምን ማስታገስ ይሞከራል። ሕመሙን መልክ ስጡት፦ ቅርጹ ምን ይመስላል? ይሞቃል ይቀዘቅዛል? ከዚያ ራሱን ምስሉን በቀስታ ለውጡት። የእኔ ራስ ምታት የደረቀ ጠፍር ነበርና መደቡ ላይ ተቀምጬ አያቴ ለብ ያለ ውኃ በቅል ታፈስስበታለች። ጠፍር ሲርስ ይላላል። ሕመሙ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ግን ይላላል። ሕመሙን ለማጥፋት አትቸኩሉ፤ ስትቸኩሉ ይጠብቃል።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ አንብቡልኝ። ልምምዱ ሲሠራልኝ፣ እንቅልፌ ሲመለስ፣ «ድኛለሁ» ብዬ የግፊት መድኃኒቴን አቆምኩ። ሦስት ሳምንት ምንም አልተሰማኝም። በአራተኛው ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ዓይኔ ጨለመ፤ ተማሪዎቼ ደግፈው አወጡኝ፤ ሐኪም ቤት ስደርስ ግፊቱ ከመጀመሪያውም በልጦ ነበር። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰማ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ሰላም መሰማቱ መዳን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካርል ሳይመንተን የተባለ አሜሪካዊ የካንሰር ሐኪም ሕሙማኑ ሰውነታቸው ካንሰሩን ሲያሸንፍ እንዲያስቡ ያደርግ ነበር፤ ምናብ ዕጢን እንደሚያጠፋ ግን አልተረጋገጠም። ጭንቀትን ያቀልላል፣ ሕመምን መቻል ያግዛል። መድኃኒታችሁን ያለ ሐኪም አታቁሙ። የሌለ ድምፅ የሚሰማው ወይም ከባድ አደጋ አይቶ ገና ያላገገመ ሰው ደግሞ ያለ ባለሙያ ብቻውን አይጀምረው።

ራስን ለማወቅ የሚረዳው ክፍል የሚመጣው ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ነው። ቦታው ላይ ተረጋግታችሁ ሳለ አንድ ጥያቄ ጣሉ፦ «ዛሬ ምን ከበደኝ?» መልስ አትፈልጉ፤ የሚመጣውን ብቻ እዩ። ለእኔ ለብዙ ቀን የመጣው የጓሮው በር ነበር፤ ሁልጊዜ ተዘግቶ። በእውኑ ግን አጥሩ ክፍት ነበር፣ አያቴ በር ዘግታ አታውቅም። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ቀን ወንድሜ ከዚያ በር ውጭ እንደቆመ ታየኝ። በእርሻ መሬት ተቀያይመን ዓመት ሙሉ አልደወልኩለትም ነበር። ምስሉ የፈታው ነገር የለም፤ የደበቅሁትን ብቻ አሳየኝ። የመጣውን ሁሉ እንደ ሕልም ፍቺ አትቁጠሩት፤ ማስታወሻ ደብተር ላይ በአንድ መስመር ጻፉትና ተዉት፣ ተደጋግሞ ከመጣ ያኔ አስቡበት።

ስትወጡ በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ፦ ሽታው ይራቅ፣ ድምፁ ይራቅ፣ ከታች ያለው ወንበር ይሰማችሁ። ጣታችሁን አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ክፈቱ። ብድግ ብላችሁ አትነሡ፤ ያዞራል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፦ መሃል ላይ የሠርግ ድምፅ ማጉያ ወይም የባጃጅ ጥሩምባ ቢጮህስ? አትታገሉት። ወደ ቦታችሁ አስገቡት። ከእኛ ቤት አጠገብ ወፍጮ ቤት አለ፤ አሁን በአያቴ ጓሮ ከአጥሩ ማዶ ወፍጮ አለ፣ ጤፍ ይፈጫል፣ ዱቄቱም ይሸተኛል።