ውሻው የገናውን ዛፍ በላ፤ ምን ይደረግ?

ፈር የሚባለው ዛፍ ለውሻ ብርቱ መርዝ አይደለም። በአሜሪካ በገና ሰሞን የሚሸጠው ፍሬዘር ፈርም ሆነ አውሮፓውያን የሚወዱት ኖርድማን ፈር ሆድ ያውክ ይሆናል እንጂ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ዛፉ ላይ የሚንጠለጠለውና ሥሩ የሚቀመጠው ነው። በውጭ አገር ያለን ሐበሾች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን፤ ጎረቤት ዲሴምበር 25ን አክብሮ ዛፉን ሲጥል እኛ ጃንዋሪ 7ን እንጠብቃለን። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቅጠሉ ደርቆ ይረግፋል፣ የማቆሚያው ውኃም ይሸታል።

ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ያስመልሳል
ትውከቱ ውስጥ አረንጓዴ ቅጠል ካለ ምክንያቱ ቅጠሉና ሙጫው ነው። ለጥቂት ሰዓት ምግብ ይከልክሉት፣ ውኃ በትንሽ በትንሹ ይስጡት፣ ወለሉን በየቀኑ ይጥረጉ። መዳፉን ደጋግሞ የሚልስ ከሆነ በጣቶቹ መካከል የተሰካ ቅጠል ይፈልጉ።

ተቅማጥ ያዘው
የማቆሚያውን ውኃ ጠጥቶ ይሆናል። የቆመ ውኃ ባክቴሪያ ያፈራል፤ ዛፉ እንዳይደርቅ ተብሎ የሚጨመረው ዱቄትም ለውሻ አይሆንም። ንጹሕ ውኃ ብቻ ያድርጉ፣ የማቆሚያውንም አፍ ይክደኑት።

ደጋግሞ ያስመልሳል፣ ምግብ እምቢ ብሏል፣ ሆዱን ሲነኩት ያመዋል
የሚያብለጨልጭ የጌጥ ክር ወይም ሪባን ውጦ አንጀቱን ዘግቶት ይሆናል። ክሩ ከአፉ ወይም ከኋላው ተንጠልጥሎ ቢያዩ እንኳ እንዳይጎትቱት! አንዱ ጫፍ ውስጥ ከተያዘ ሲሳብ አንጀትን ይቆርጣል። ይህ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ይንቀጠቀጣል፣ መቀመጫ ያጣል፣ ልቡ ይመታል
ከዛፉ ሥር በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት ነበር? ወረቀቱ ከውሻ አፍንጫ አይሰውረውም። ጥቁሩ ቸኮሌት ከነጩ እጅግ ይከፋል። ወተት ወይም ዘይት መጋት አይረዳም፤ ሐኪም ሳያዝም አያስመልሱት። በአሜሪካ የእንስሳት መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ888 426 4435 ሌሊትም ያነሣል፣ ክፍያ ግን ሊጠይቅ ይችላል።

ቅርንጫፉን ከግቢ አጥር ቆርጠው ያመጡት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ለአጥር የሚተከለው ዪው ፈርን ይመስላል፤ ልብ ያቆማል፣ አንዳንዴ ምልክት ሳያሳይ ይገድላል። ቅጠሉን ይገልብጡት፦ የፈር ቅጠል በሥሩ ሁለት ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት፣ ሲያሹትም ሙጫ ሙጫ ይሸታል። የዪው ቅጠል ሥሩ ቢጫማ አረንጓዴ እንጂ ነጭ መስመር የለውም፣ ሙጫ ሙጫም አይሸትም፤ ሴቴው ቀይ ለስላሳ ፍሬ ያፈራል። ዪው ከበላ ምልክት ሳይጠብቁ ቅርንጫፉን ይዘው ይሂዱ።

ገና ካለፈ ከቀናት በኋላ ደከመ፣ ሽንቱ ቀላ ወይም ጠቆረ
እዚህ ላይ ዛፉን በከንቱ አንክሰስ። ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ጉዳቱም የሚታየው ቆይቶ ነው። ድዱን በጣት ተጭነው ይልቀቁ፤ ጤነኛ ድድ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ ይመለሳል። ከነጣ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። እንግዶች ከማዕድ የወረወሩለት አጥንትም ካለ ይናገሩ፤ ሐኪሙ «ምን በላ?» ሲል ከዛፉ በፊት ስለ ወጡ ይንገሩት።