«ታድግበታለች» ተብሎ የማይገዛ ጫማ፦ በባሌት ተማሪ እግር ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በተከራየናት ባለ ሊሾ አዳራሽ ልጆችን ባሌት አስተምራለሁ። አንዲት እናት የልጇን ካልሲ አውልቃ «ወንድሜ፣ ይሄ እግር ለባሌት ይሆናል? እስኪ እየው አቦ» አለችኝ። ከአውራ ጣቷ ቀጥሎ ያለው ጣት ዘለግ ብሎ ወጥቷል።

እግርን በመልኩ መፍረድ የመጀመሪያው ስህተት ነው። አውራ ጣቱ የሚረዝመውን የግብፅ እግር፣ ሁለተኛው የሚበልጠውን የግሪክ እግር ይሉታል። ጣቶቹ እኩል የሆኑለት ሸክሙ ስለሚከፋፈልለት በጣት ጫፍ መቆም ይቀለዋል። የግሪክ እግር ላላት ልጅ አውራ ጣቷ ጫፍ ላይ ስፖንጅ ቢጤ አድርጎ ልዩነቱን ማጥበብ ይቻላል። ጠፍጣፋ እግርም ብቻውን አይከለክልም።

ብዙ እግር ሲጎዳ የማየው በጫማ ነው። አንዷ ተማሪዬ ታይዋን ገበያ ከሳልባጅ መሃል ሮዝ ፖይንት ጫማ (በጣት ጫፍ የሚቆሙበት፣ ጫፉ ደረቅ ጫማ) አግኝታ እየሮጠች መጣች። ቁጥሩ ልኳ ነበር። ሶሉን ጫን ሳደርገው ግን እንደ እንጀራ ታጠፈ። ጫፉ ውስጥ እንጨት ያለ የሚመስላቸው አሉ፤ በሙጫ የደረቀ የጨርቅና የወረቀት ድርብርብ ነው እንጂ። ላብ ያለሰልሰዋል። የታላላቅ ባሌት ቤቶች ዳንሰኛ አንድ ጥንድ በአንድ ምሽት ልትጨርስ ትችላለች፤ ሳልባጅ ውስጥ የሚገኘው የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዞ ያለቀ ነው።

አዲስም ሲገዛ የትምህርት ቤት ጫማ ልማዳችን ይከተለናል፦ «ሰፋ ያለውን ስጠኝ፣ ታድግበታለች»። ፖይንት ሲሰፋ እግር ወደ ጫፉ ይንሸራተትና ጣቶች ይጨፈለቃሉ። ሲጠብ ደግሞ አውራ ጣት ወደ ጎን ይገፋል። የድሬ ሙቀት እግር ስለሚያሳብጥ ጠዋት ተለክቶ ልክ የሆነ ጫማ ከሰዓት ይጠብባል። የምንለካው ከልምምድ በኋላ ነው።

ሌላው መቸኮል ነው። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላና የዓመታት ልምምድ ሳይኖር ፖይንት አላስጀምርም፤ አጥንቱ ገና እያደገ ነው። ዝነኛዋ የባሌት ዳንሰኛ ማሪ ታልዮኒ በ1832 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ባሌት በጣት ጫፍ ስትጨፍር የተጫማችው ጠርዙ በክር የተጠናከረ ለስላሳ ሳቲን ነበር። ያቆማት የራሷ ጡንቻ ነው።

እግርን ወደ ውጭ ማዞርም ከዳሌ ነው የሚመጣው። ከዳሌዋ ያልመጣላት ልጅ የእግሯን መዳፍ ሊሾው ላይ ታጣብቅና ጉልበቷን ትጠመዝዛለች። ትንሿ ጣቷን እዩ፦ ከወለሉ ከተነሳች የውስጥ እግሯ ወድቋል፤ ወደ ውጭ ያዞረችውን እግር ትንሽ ትመልሰው።

ሕመም ሲመጣ ወደ ወጌሻ መሮጥ ግን ያናድደኛል። ከሁለተኛው ጣት ጋር የሚያያዘው ረጅም አጥንት ሥሩ ላይ መሰንጠቁ በባሌት የታወቀ ጉዳት ነው። በጣት ሲጫኑት አንድ ነጥብ ላይ የሚያም ከሆነ መታሸት ያባብሰዋል፤ ልምምድ አቁማ ሐኪም ይያት። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ የሚያም ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ነው የተቆጣው።

ጥፍር ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። ውኃ የቋጠረ ቆዳ አይላጥ። ላብ የጠጣውን ጫማ በፌስታል አፍናችሁ አታሳድሩት፤ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ስቀሉት።