በመዳብ ሽቦ ብቻ የሚታሰር ከባድ ኒምፍ

ለበዓል ቀይ አውራ ዶሮ ስታርዱ የጭራውን ላባ አትጣሉ። ኒምፍ የሚታሰረው በእሱ ነው።

ኒምፍ ከወንዝ ድንጋይ ሥር የሚኖር የነፍሳት እጭ እንዲመስል መንጠቆ ላይ የሚታሰር የዓሣ ማታለያ ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ በብዛት የሚበላው ከውሃው ወለል በታች ስለሆነ ኒምፉ ቶሎ መስመጥ አለበት። ትራውት ጣና ውስጥ የለም፤ ቀዝቃዛና ፈጣን ውሃ ይፈልጋል። እዚህ አገር የምናገኘው ባሌ ነው፣ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ወንዞች። እኔ ግን የማስረው እዚሁ ባሕር ዳር በረንዳዬ ላይ ነው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ አለ።

አሠራሩን ያመጣው ፍራንክ ሶየር የሚባል እንግሊዛዊ የወንዝ ጠባቂ ነው። ሰውየው ክሩን ትቶ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ያዘ፤ ሽቦው ክብደትም ማሰሪያም ሆነለት። በጣም የምወደው ይህንን ነው። እሱ የተጠቀመው ፌዛንት የሚባል የዱር ወፍ ላባ ነበር፤ የእኛ አውራ ዶሮም ይሠራል።

ሽቦውን የተቃጠለ ሞተር ከሚጠቀልሉ ልጆች ጠይቁ። ከፀጉር ብዙም የማይወፍረውን ምረጡ። እርሳስ ግን ይቅርባችሁ፤ ተበጥሶ ውሃ ውስጥ ሲቀር የሚውጡትን ወፎች ይመርዛል፣ የጣና ዳር ደግሞ የወፍ አገር ነው።

14 ቁጥር መንጠቆ በፒንሳ አጣብቁና የፒንሳውን እጀታ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ እሰሩት፤ ሁለት እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ሽቦውን ከቀለበቱ ጀምራችሁ እስከ መታጠፊያው ጠምጥሙ። ከዚያ ወደ ፊት ተመልሳችሁ ደረቱ ላይ፣ ማለትም ከቀለበቱ ኋላ ባለው ክፍል ላይ ብቻ ደራርቡትና ትንሽ ጉብታ አውጡ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ሽቦውን መላ አካሉ ላይ እኩል እደራርብ ነበር፤ ኒምፉ ወፍራም ሆኖ ተጋድሞ ይሰምጥ ነበር፣ ክብደቱን ደረቱ ላይ ሳደርገው ግን በጭንቅላቱ መውረድ ጀመረ።

ሽቦውን ወደ መታጠፊያው መልሱት። ከላባው አራት ጭረት (ከላባው አጥንት ጎን የሚወጣውን ቀጭን ፀጉር) ውሰዱና ጫፋቸው እንደ ጭራ ትንሽ ወጣ ብሎ እንዲታይ አድርጋችሁ እሰሯቸው። አሁን ጭረቶቹን ከሽቦው ጋር አንድ ላይ ግመዱና ወደ ፊት ጠምጥሙ። ሳትገምዱ ከጠመጠማችሁት የትራውት ጥርስ በመጀመሪያው ዓሣ ይበጥሰዋል። ቀለበቱ ጋ ስትደርሱ ሽቦውን ለዩት። ላባውን በጉብታው ላይ ወደ ኋላ እጠፉ፣ በሽቦ ያዙት፣ ደግሞ ወደ ፊት መልሱት፣ አሁንም ያዙት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ጀርባው ጠቆር ብሎ ያብጣል፤ የእጩ ክንፍ ሊወጣ የደረሰ ይመስላል። ሽቦውን ሁለቴ ቋጥሩና ቁረጡ። አጥብቃችሁ አትሳቡት፣ ይበጠሳል።

ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ጭንቅላቱ ቀድሞ ከወረደ ጥሩ ነው፤ ካልወረደ ፈትታችሁ ጉብታውን ጨምሩ።

ባሌ እስክትሄዱ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ነጭ ዓሣ ላይ ሞክሩት፤ እጭ የሚበሉ ዝርያዎች አሉበት። ዳር ከመቆማችሁ በፊት ጉማሬ አለመኖሩን እዩ። በክረምት ነጭ ዓሣው እንቁላል ሊጥል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሲወጣ ግን ተዉት። ኒምፉን ከላይ በኩል ወርውሩና ከውሃው ጋር ይሂድ፣ አትጎትቱት። ክሩ ድንገት ቀጥ ካለ ወዲያው አንሱ።