ዶሚኒየን ላይ ካርዶች ሲጋጩ ማን ይቀድማል?

ዶሚኒየን የተባለው የካርድ ጨዋታ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 ወጣ፤ በዓመቱ ደግሞ ጀርመን ውስጥ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ። አጨዋወቱ አያስቸግርም። ተራው የደረሰው ሰው አክሽን (የድርጊት) ካርድ ይጫወታል፣ ካርድ ይገዛል፣ የቀረውን ጥሎ አዲስ 5 ካርድ ይስባል። ጭቅጭቁ የሚነሳው የአንዱ ካርድ የሌላውን ሲቀሰቅስ ነው። "ቆይ፣ እኔ እቀድማለሁ!" "ኧረ አትቀድምም!" እዚህ ላይ ከደረሳችሁ እንዲህ ፍቱት።

1. ካርዱ "መቼ" እንደሚል አንብቡ

አንዳንዱ ካርድ የሚነሳው ሌላ ሰው ጥቃት (ሌሎችን የሚጎዳ ካርድ) ሲጫወት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ካርድ ስታገኙ። ግማሹ ክርክር እዚህ ያልቃል፤ ብዙ ሰው የሚከራከረው ካርዱን ሳያነብ ነውና።

2. ምላሽ ከጥቃቱ በፊት ነው

ጎረቤታችሁ ሚሊሺያ የሚባለውን የጥቃት ካርድ ተጫወተ እንበል። ለእሱ 2 ሳንቲም ያስገኝለታል፤ ሌሎቻችሁ ግን እጃችሁ ላይ 3 እስኪቀር ካርድ ትጥላላችሁ። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ካረፈ በኋላ፣ ሥራውን ሳይጀምር፣ ትንሽ ክፍተት አለች። ሞውት የሚባለውን የምላሽ ካርድ የያዘ ሰው የሚያሳየው ያኔ ነው። አሳይቶ ወደ እጁ ይመልሰዋል እንጂ አይጥለውም፤ ጥቃቱም አይነካውም። አጥቂው 2 ሳንቲሙን ግን አያጣም።

ዊች ላይ (ለአጥቂው 2 ካርድ የሚያስስብ፣ ለሌሎቹ የእርግማን ካርድ የሚያድል ጥቃት ነው) በተለይ ንቁ። አጥቂው 2 ካርዱን መሳብ ከጀመረ "ውይ፣ ሞውት አለኝ እኮ" ማለት አይሠራም። አልፏል።

3. ምላሾች አንድ በአንድ ይሄዳሉ

ለእኔ የጨዋታው ጣፋጭ ቦታ ይሄ ነው። ዲፕሎማት የሚባለው ካርድ፣ ሌላ ሰው ሲያጠቃ እጃችሁ ላይ 5 ወይም ከዚያ በላይ ካርድ ካለ ይታያል። 2 ትስባላችሁ፣ 3 ትጥላላችሁ። ከሳባችሁት አንዱ ሞውት ሆኖ ቢገኝስ? እሱንም ማሳየት ትችላላችሁ፤ ጥቃቱ ገና አልጀመረማ! ከሚጣሉት 3 ውስጥ እንዳትቀላቅሉት ብቻ። በ5 ካርድ ከጀመራችሁ ግን ዲፕሎማቱን መድገም የለም፤ የቀራችሁ 4 ነው።

4. እኩል ከመጡ

ሁለት ነገር በአንድ ሰው ላይ እኩል ከመጣ፣ ቅደም ተከተሉን ራሱ ይመርጣል። የተለያዩ ሰዎችን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ተራው ከሆነው ሰው ተነስቶ ወደ ግራ ይዞራል።

ይሄ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ዊች ተጫውቶ አንድ የእርግማን ካርድ ብቻ ቢቀርስ? ከአጥቂው በስተግራ ያለው ሰው ይወስዳታል፣ የቀሩት ይተርፋሉ። እሱ ሞውት ካሳየ ግን መዘዙ ለቀጣዩ ነው።

5. ሁለቴ መጫወት ሁለት ክስተት ነው

ስሮን ሩም የሚባለው ካርድ አንድን አክሽን ካርድ ሁለቴ ያጫውታል። ካርዱ ጥቃት ከሆነ ሞውትም ሁለቴ መታየት አለበት፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው አያገለግልም።

መርቻንት የሚባለው አክሽን ካርድም እንደዚሁ ነው። በዚያ ተራ መጀመሪያ የምትጫወቱት ሲልቨር (2 ሳንቲም የሚያወጣ የገንዘብ ካርድ) ላይ 1 ሳንቲም ይጨምራል። በስሮን ሩም ሁለቴ ከተጫወታችሁት የመጀመሪያው ሲልቨር 4 ሳንቲም ይሆናል፤ ሁለተኛው ሲልቨር ያው የተለመደው 2 ነው።