ቁመታችሁ አጭር ቢሆንም ረጅም ሞተር ላይ እንዴት እንደምትወጡና እንደምትወርዱ

ጅማ ውስጥ ለመስክ ስራ የሚሰጡን ሞተሮች ብዙዎቹ ረጃጅሞች ናቸው። ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ኮርቻው ከመሬት 84 ሳንቲሜትር ነው፣ ሆንዳ ኤክስአር 150 ደግሞ 82.5። እኔ ቁመቴ 1.58 ነው፣ ሁለቱም እግሬ አንድ ላይ መሬት ነክቶ አያውቅም፣ ግን ጅማ ዙሪያ ሰቃና ማና ስመላለስበት ስድስት ዓመት ሆነኝ። አንድ እግር በደንብ ከረገጠ ይበቃል። የቱን እግር የት ላይ እንደምታወርዱ ግን ሞተሩ ሳይቆም በፊት መወሰን አለባችሁ።

አወጣጡ ሁሌም ከግራ ነው፣ የጎን መቆሚያው እዛ ነው፣ የሚያቃጥለው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ደግሞ በቀኝ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ ላይ ይሁን፣ ፎሌ ላይ ከሆነ (ማርሽ ካልገባ) ተንሸራቶ ከመቆሚያው ይወርዳል። በግራ እጃችሁ መሪውን ያዙ፣ በቀኝ እጃችሁ የፊት ፍሬኑን ጨብጡ፣ እግራችሁን ዘርግታችሁ አትወርውሩት፣ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ መጀመሪያ ጉልበቱን በኮርቻው ላይ አሳልፉት፣ ከኋላ ጆንያ ወይ ካርቶን የታሰረ ጊዜ በተለይ ሌላ መንገድ የለውም። እንደዛም ካልሆነላችሁ በግራ መርገጫው ላይ እንደ እርካብ ቆማችሁ መውጣት ይቻላል፣ ግን ያኔ ክብደታችሁ በሙሉ መቆሚያው ላይ ነው የሚያርፈው፣ የጅማ ቀይ አፈር ደግሞ ዝናብ ከመታው መቆሚያውን ይውጠዋል፣ ስለዚህ ከስሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ። የጫማችሁንም ጭቃ ጠረግ አድርጉ፣ መርገጫው ላይ ያንሸራትታል።

ከተቀመጣችሁ በኋላ በግራ እግራችሁ ገፋ አድርጋችሁ ሞተሩን አቅኑት፣ ከዛ መቆሚያውን በተረከዝ ወደላይ። ይሄን የረሳ ሰው ወደ ግራ ሲታጠፍ መቆሚያው መሬት ይይዝና ይጥለዋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማቆም። የጀመርኩ ሰሞን እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ዝናብ እየዘነበ ለባጃጅ ቦታ ልልቀቅ ብዬ ጠርዝ ላይ ቆምኩና ቀኝ እግሬን አወረድኩ፣ መሬቱ ወደ ቦዩ ያዘቀዝቅ ነበር፣ እግሬ አየር ላይ ቀረ፣ ሞተሩ ይዞኝ ወደቀ። ጉልበቴ ለሁለት ሳምንት አበጠ። ያነሱኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ "ልጄ፣ መሬቱን ሳታዪ እግርሽን አታውርጂ" አሉኝ። "እሺ ጋሼ" አልኩ፣ እስከዛሬም የምሰራበት ይሄው ነው። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው፣ መንገዱ ውሃ እንዲያፈስ ተብሎ ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሚያዘቀዝቅ በግራችሁ ያለው መሬት ከፍ ይላል፣ በቀኝ ያለው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ግራ እግር መሬት፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ላይ። ልትቆሙ ስትሉ መቀመጫችሁን ወደ ግራ ሸርተት አድርጉ፣ እግራችሁ ብዙ ይረዝማል። መሪው ቀጥ ይበል፣ ተጣሞ እያለ የፊት ፍሬን ከያዛችሁ መውደቃችሁ ነው። ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ላይ ብትቆሙም ያው ነው፣ የኋላ ፍሬኑን ሳትለቁ ፍሪሲዮኑን (በግራ እጅ የሚጨበጠውን) ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ሞተሩ መሳብ ሲጀምር ያኔ ፍሬኑን።

ስትወርዱ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ አጥፉ፣ መቆሚያውን አውርዱና እስከ መጨረሻው መውጣቱን አጎንብሳችሁ በዓይናችሁ እዩ፣ ከዛ ሞተሩን ቀስ ብላችሁ አስደግፉት፣ የፊት ፍሬን እንደያዛችሁ ውረዱ። ዳገት ላይ ከሆነ አፍንጫው ወደ ላይ ይሁን። ረጅም መንገድ ነድታችሁ ከሆነ እግራችሁ ደንዝዞ ይሆናል፣ ትንሽ ቁጭ ብላችሁ አፍታቱት።

የሚሳፈር ሰው ካለ እናንተ ረግጣችሁ "ውጣ" ሳትሉት እንዳይነካው፣ በቀኝም እንዳይወጣ። ነጠላ የለበሰች ከሆነች ጫፉን ከስሯ ታድርገው፣ ሰንሰለት ነጠላ ይጎትታል።

ሞተሩ መጋደም ከጀመረ ደግሞ ልቀቁት! 120 ኪሎ ገደማ የሚሆን ነገር በአንድ እግር አይያዝም፣ ፈቀቅ በሉ። ሲያነሱት ሁለት ሰው ይሁን፣ በቀኝ ከወደቀ መጀመሪያ መቆሚያውን አውጡት፣ አለዚያ በዚያኛው በኩል ይደገማል።

አዲስ የተረከባችሁ ሰዎች እሁድ ጠዋት ሜዳ ላይ አንድ ሰው በቀኝ በኩል ደግፎ ይያዝላችሁና ሳታስነሱት ሃያ ጊዜ ውጡ ውረዱ።