በጉ ለምን በአጥር ይታከካል? የመዥገር፣ የቅማልና የእከክ ችግርና መፍትሄ

ከብት ታከከ ተብሎ ወዲያው መርፌ ማስወጋት ገንዘብ ማባከን ነው። ቅማልም ያሳክካል፣ መዥገርም ያሳክካል፣ እከክም ያሳክካል፤ መድኃኒታቸውና መድኃኒቱ የሚደገምበት ቀን ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፀጉሩን ገልጣችሁ እዩ።

በጉ ጎኑን ይነክሳል፣ ሱፉ ይነቀላል

እንደ ጮቄ ባለ ብርዳማ ደጋ ይህ ሲታይ በጉን አስተኝታችሁ የአንገቱንና የጎኑን ሱፍ ግለጡ። ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ነገር ብርሃኑን ሸሽቶ ወደ ሱፉ ውስጥ ይሮጣል። ብዙ ሰው መዥገር ይለዋል። እግሩን ቁጠሩ፤ የደረሰ መዥገር 8 እግር አለው፣ ይህ ግን 6 ብቻ። ክንፍ የሌለው የበግ ዝንብ ነው። ከእሱ በጣም ያነሰ ተባይ ካገኛችሁና ሱፉ ላይ ነጫጭ ቅጫም ከተጣበቀ ቅማል ነው። ቆዳ ፋብሪካዎች «እከክ» እያሉ ዋጋ የሚጥሉበት የበግ ቆዳ ጉድለት የሚመጣው በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

መፍትሄው ሱፉን ሸልቶ 60 በመቶ ዲያዚኖን፣ 1 ሚሊ ሊትሩን በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ እስከ ቆዳው ማራስ ነው። ቅጫሙ ከመድኃኒቱ ያመልጣል፤ ስለዚህ ቅማል ከሆነ በ14ኛው ቀን፣ ዝንቡ ከሆነ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል። «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህች ሁለተኛዋ ቀን ስትዘለል ነው።

የፍየሏ ከንፈርና ጆሮ ተላጠ፣ ቆዳዋ ወፈረ

እከክ ነው። አይቨርሜክቲን 1 በመቶ፣ ለ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር (ለ25 ኪሎ ፍየል ግማሽ) ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜም ይደገማል። ወተቷ ለሰው ከሆነ ከመውጋት በፊት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። የተላጠው ቦታ ክብ፣ አመድማና የማያሳክክ ከሆነ ግን ጭርት ነው፤ መርፌው አይነካውም።

የላሟ ጡት ቆሰለ

ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ስትወርዱ፣ በተለይ ክረምት ሲገባ፣ ተጠያቂው መዥገር ነው። ረጅም አፍ ያለው ዓይነት ጡቷን አቁስሎ እስከ መድፈን ይደርሳል። በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉ። ነቅሎ በረት ውስጥ መጣል ግን ዘር መዝራት ነው፤ ደም የጠገበች አንዲት መዥገር በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እሳት ውስጥ ትግባ።

ለርጭት 12.5 በመቶ አሚትራዝ፣ 2 ሚሊ ሊትሩ በ1 ሊትር ውሃ። ሰው ሁሉ የሚረጨው ጀርባዋን ነው፤ መዥገሩ ያለው ግን ብብቷ፣ ጆሮዋ ውስጥና ጅራቷ ሥር ነው። ፈረስና በቅሎ ላይ አሚትራዝ አትርጩ፤ አንጀታቸውን ዘግቶ ከባድ የሆድ ድርቀት ያመጣባቸዋል።

ተረጭቶ፣ ተደግሞ፣ ተመልሶ መጣ

ምናልባት የታከሙት የታመሙት ብቻ ናቸው። ጤነኛ የሚመስለው በግም በዚያው ቀን ይረጭ፣ ጉዝጓዙ ይቃጠል። የጤፍ አረም ማጥፊያ የተረጨበትን መርጫ ሳያጥቡ ለከብት መጠቀም ደግሞ ከመዥገሩ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ከገበያ የተገዛ በግ ወይም ፍየል ከመንጋው ሳይቀላቀል 2 ሳምንት ለብቻው ይታሰር።